በካሬ ስንት ገባ? የጅግጅጋና የአካባቢዋ ፎቅ ቤቶች ጥራትና ወጪ ሲመዘን

ጅግጅጋ ላይ አዲስ የተጠናቀቀ ፎቅ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በካሬ ስንት ገባ?» ብሎ ነው። ባለቤቱም አንድ ቁጥር ይጠራል። ቁጥሩ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ይዞርና በሳምንቱ ለሌላ ሰው ውል መነሻ ይሆናል። ቁጥሩ ውስጥ ምን እንደገባና ምን እንደቀረ ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። የውሃ ማጠራቀሚያው፣ ሴፕቲክ ታንኩ፣ አጥሩ፣ ትራንስፎርመሩ አለበት? ስፋቱ የተለካው ደረጃውንና ኮሪደሩን ጨምሮ ነው ወይስ ክፍሎቹ ብቻ ናቸው? ሥራው የተጀመረው ብር ከመዳከሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የጥራቱም ጉዳይ ከዚህ አይሻልም። ሴራሚኩ ካብረቀረቀ፣ መስታወቱ ሰማያዊ ከሆነ፣ የደረጃው ድጋፍ አይዝጌ ብረት ከሆነ «ጥሩ ሥራ ነው» ተብሎ ያልፋል።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው መካከለኛውን ቤት ነው። ቪላም ሆቴልም አይደለም። ምድሩ ሱቅ፣ ከላይ ከሁለት እስከ አራት ወለል የኪራይ አፓርታማ ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ በራሱ ገንዘብ የሚያሠራው ዓይነት ሕንፃ ነው። ቦታው ጅግጅጋ፣ በፋፈን ዞን ያሉት ቀብሪ በያህ፣ አውበሬና ቶጎ ውጫሌ፣ እንዲሁም በሲቲ ዞን በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ ያሉት ሽንሌ፣ ኤረርና ደወሌ ናቸው። የዚህ ጸሐፊ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፤ በዚህ አካባቢ የሕንፃ ጥራት የሚወሰነው ዓይን በማያርፍባቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም በአፈሩ፣ በውሃውና በፌሮው ነው። ሦስቱም ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲነጻጸሩ ለመፈተሽ እጅግ ርካሽ ናቸው። ገንዘቡ የሚፈሰው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ጅግጅጋ ያለ ፕላን የበቀለች ከተማ አይደለችም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ገዥዋ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መንገዶቿን በቀጥታ መስመር አስቀይሰው ስለነበር የመሀል ከተማው ሰፈር ዛሬም አራት ማዕዘን ብሎክ ይዞ ይታያል። የክልሉ ርዕሰ ከተማነት ከጎዴ ወደዚህ ከተዛወረ፣ ቀጥሎም በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ በኋላ የኪራይ ቤት ፈላጊው በፍጥነት በዛ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወራት የተደረገው ቆጠራ የከተማዋን ሕዝብ 125,876 ብሎ መዝግቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያደገችው እጅግ ብዙ ነው። ሰፊ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የነበረው ባለይዞታ ግቢውን አፍርሶ ወደ ላይ መሥራት ጀመረ። ውጭ አገር ያለው ዘመድም ገንዘብ ላከ።

ወጪው ላይ እናተኩር። ለስሌት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ወለል 200 ካሬ፣ በአምስት ወለል 1,000 ካሬ የሆነ ሕንፃ 30 ሚሊዮን ብር ፈጀ እንበል። ባለቤቱ «30 ሺህ በካሬ» ይላል። ደረጃው፣ ኮሪደሩና የግድግዳው ውፍረት ከስፋቱ ሩቡን ገደማ ስለሚወስዱ ለኪራይ የሚቀርበው 780 ካሬ ብቻ ቢሆን ገቢ በሚያስገባው ስፋት ሲሰላ ዋጋው 38,460 ብር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ኮንትራክተር ሲያወራ የመጀመሪያውን፣ ሻጭ ሲያወራ የሚመቸውን ይጠራል። ይህ የጅግጅጋ ብቻ ችግር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የ40/60 ቤቶች የመጀመሪያ ዕጣ በ2009 ዓ.ም. ሰንጋ ተራና ክራውን ሳይቶች ላይ ሲወጣ የተሠራው ስፋት ውሉ ላይ ከሰፈረው በልጦ ተገኝቶ፣ ቆጣቢዎች ለልዩነቱ ተጨማሪ ገንዘብ ተጠይቀዋል። ስፋት በወረቀት ላይ በግልጽ ካልተተረጎመ የካሬ ዋጋ ወሬ ብቻ ነው።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ፌሮው አገር ውስጥ ቢዘጋጅም ጥሬ ብረቱ ከውጭ ይገባል፤ ሴራሚኩ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው፣ የቧንቧ መገጣጠሚያው አብዛኛው የባሕር ማዶ ነው። በ2015 ሶሌታውን የሞላ ሰውና በ2017 የሞላ ሰው «በካሬ ይህን ያህል ገባ» ሲባባሉ የሚያወሩት ስለ ተለያየ ብር ነው። እዚህ ደግሞ ሕንፃ በአንድ ዓመት ስለማያልቅ ሁለቱ ብሮች በአንድ ፎቅ ውስጥ ይደባለቃሉ። ስለዚህ ወጪን በብር ብቻ ከመመዝገብ በመጠንም መመዝገብ ይሻላል፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቶን ፌሮ፣ ስንት ሺህ ብሎኬት ገባ? መጠኑ የተመዘገበለት ሕንፃ በማንኛውም ዓመት ዋጋ እንደገና ሊሰላ ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ መጠኑ ከሚጠበቀው በእጅጉ ካነሰ ወይ ተሰርቋል ወይ ቀጥኗል ማለት ነው።

ምን ያህል ይጠበቃል? እንደ መሐንዲሱ ንድፍ ቢለያይም ለእንዲህ ዓይነት ሕንፃ በአንድ ካሬ የወለል ስፋት 0.35 ሜትር ኩብ ገደማ ኮንክሪት ብሎ መነሳት አያሳፍርም። ለ1,000 ካሬው ሕንፃ 350 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሲ-25 የሚባለው የተለመደው ኮንክሪት በሜትር ኩብ 360 ኪሎ፣ ማለትም ከሰባት ከረጢት ጥቂት በለጥ ያለ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ለኮንክሪቱ ብቻ 1,260 ኩንታል ነው፤ የብሎኬት ግንብና ልስን ሲጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል። ፌሮው በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ቢታሰብ 35 ቶን ነው። «በ800 ኩንታል ጨረስኩት» የሚል ባለ አምስት ወለል ባለቤት ሲገኝ በቁጠባው ማድነቅ አይገባም፤ ተከራይ መሆንም አይገባም።

ሲሚንቶው ራሱ ከሩቅ አይመጣም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣልያን ወረራ ዘመን የተተከለው ድሬዳዋ ነው፤ ዛሬም ድሬዳዋ ከአንድ በላይ ፋብሪካ አላት። ከዚያ በሐረር፣ በባቢሌና በማርዳ ተራራ በኩል ወደ ጅግጅጋ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያም ሆኖ ባለፉት ዓመታት በነበረው የሲሚንቶ እጥረት በአከፋፋይና በደላላ ሰንሰለት የሚጨመረው ዋጋ የመንገዱን ርዝመት አያውቅም ነበር። ከዋጋው በላይ መጠየቅ ያለበት ግን ዓይነቱ ነው። ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ኦፒሲ፣ ቶሎ ይጠነክራል፤ ፖዞላና የተቀላቀለበት ፒፒሲ ቀስ ብሎ የሚጠነክር በመሆኑ ረዘም ላለ ጊዜ ውሃ መጠጣት አለበት። ገበያ ላይ የተገኘውን ገዝቶ ለኮለንም ለልስንም አንድ አድርጎ መጠቀም የተለመደ ነው። ፒፒሲ ለኮለን ክልክል አይደለም፤ ፎርሙን በኦፒሲ የጊዜ ሰሌዳ መፍታት ነው አደጋው።

ወደ አፈሩ እንውረድ። የጅግጅጋ ሜዳ ለእርሻ የሚመች ጥቁር መረሬ ነው፤ ባለሙያዎች ዋልካ የሚሉት። ዝናብ ሲጠጣ ይነፋል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ወደ ካራማራ ግርጌ ሲጠጉ መሬቱ ድንጋያማ ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰፈሮች አንድ ዓይነት መሠረት ላይፈልጉ ይችላሉ። ከጎረቤት የመሠረት ንድፍ መቅዳት የተለመደ ስህተት ነው። ጎረቤቱ ሁለት ሜትር ቆፍሮ አለት ያገኘው በዕድሉ ነው።

ዋልካ ከከባዱ ፎቅ ይልቅ ቀላሉን ግንባታ ነው አስቀድሞ የሚጎዳው። አምስት ወለል የተሸከመው ኮለን አፈሩን ተጭኖ ሊይዘው ይችላል፤ አጥሩ፣ የምድር ቤቱ ወለል፣ የሴፕቲክ ታንኩ ክዳን ግን ምንም ክብደት ስለሌላቸው ከአፈሩ ጋር ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። ስለዚህ መሬት የሚገዛም ሆነ ቤት የሚከራይ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የአካባቢውን አጥሮች ነው። የብሎኬት አጥር በደረጃ መልክ ተሰንጥቆ፣ ምሰሶው ወደ መንገድ ካዘነበለ ስለ አፈሩ የሚበቃውን ያህል ተናግሯል። ቀጥሎ የበርና የመስኮት ማዕዘኖች ይታዩ፤ ከማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ከልስን መድረቅ ከሚመጣው እንደ ሸረሪት ድር ከቀጠነው ስንጥቅ ይለያል። የኋለኛውን ቀለም ይደብቀዋል፤ የፊተኛው በየክረምቱ ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት፣ በየንብርብሩ መጠቅጠቅ፣ ከዚያም የዝናብና የቧንቧ ውሃ ከመሠረቱ እንዲርቅ ማድረግ ነው። ምድር ቤት የሚያፈስ አንድ የመጸዳጃ ቧንቧ፣ ዋልካ ላይ ለተሠራ ቤት ከዝናቡ የከፋ ጠላት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣዋልና። የአፈር ምርመራ ሪፖርት የሌለው ባለ ፎቅ ቤት እዚህ መሠራት አልነበረበትም፤ ግን ይሠራል።

የውሃውን ጉዳይ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የሚለየን እዚህ ላይ ነውና። በጅግጅጋ ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ የሚገዛባቸው ወራት ብዙ ናቸው። ግንባታ ደግሞ ውሃ በሦስት ቦታ ይጠጣል፤ አሸዋ ሲታጠብ፣ ኮንክሪት ሲቦካ፣ የተሞላው ኮንክሪት ሲጠጣ። ለማቡኪያ የሚገባው መቼም አይቀርም። ሌሎቹ ሁለቱ ይቀራሉ።

አሸዋው የሚመጣው ከደረቅ ወንዞች ሆድ ነው። ጎርፍ ይዞት የመጣ ስለሆነ ደለል አለበት። የኢትዮጵያ ደረጃ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለበትን አሸዋ ወይ ታጠብ ወይ ተመለስ ይላል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻም። ባዶ የሃይላንድ ላስቲክ ግማሹን አሸዋ ሞልቶ፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ጨምሮ በደንብ መነቅነቅና ማሳደር ይበቃል። ጠዋት ላይ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ተለይቶ ይተኛል። 10 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ላይ የተኛው የደለል ንጣፍ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ መኪናው ዕቃውን ሳያራግፍ ይመለስ። አንዳንድ ግንበኛ «ትንሽ አፈር ሲኖረው ይያያዛል» ይላል። ለልስን ሲቀባ ይመቸው ይሆናል፤ ለኮለን ግን ደለል ሲሚንቶው ከጠጠሩ ጋር እንዳይገናኝ የሚለይ መጋረጃ ነው።

ማጠጣቱን ደግሞ በቁጥር እንየው። 350 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለማቡካት በሜትር ኩብ 180 ሊትር ቢታሰብ 63 ሺህ ሊትር ውሃ ይፈልጋል። አንድ የ200 ካሬ ሶሌታ ዳሩን በሞርታር ከልሎ 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ለማስተኛት 6 ሺህ ሊትር ይበቃል። ፀሐዩና ነፋሱ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢወስዱበት በየቀኑ 1,000 ሊትር መተካት አለበት፤ በሰባት ቀን 7 ሺህ ነው። ለአንድ ሶሌታ 13 ሺህ፣ ለአምስቱ 65 ሺህ ሊትር ማለት ነው። ለማጠጫ የሚያስፈልገው ለማቡኪያ ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ሆነ፤ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ስድስት ሰባት ጊዜ ቢመላለስ ያልቃል። ኮለኖቹ በጆንያ ተጠቅልለው የሚረጩት ከዚህ በላይ ነው። የዚህን የቦቴ ዋጋ ከሴራሚኩ ዋጋ ጎን አስቀምጦ ማየት ለማንኛውም ባለቤት ዓይን ይከፍታል። በደረቅ አየር ጭራሽ ውሃ ያላገኘ ኮንክሪት መድረስ ከሚገባው ጥንካሬ ግማሽ ገደማ ላይ ሊቆም ይችላልና፣ ለውሃ ተብሎ የተቆጠበው ገንዘብ የሲሚንቶውን ግማሽ እንደ መጣል ነው።

ይህ ለሶማሌ ክልል ሰው አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። በሐርሺንና በሌሎች ውሃ አጠር ወረዳዎች የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ቢርካ ሳይጠጣ ከደረቀ እንደሚሰነጠቅና በበጋ ባዶውን እንደሚቀር ማንም አርብቶ አደር ያውቃል። ቢርካ ግን ጥፋቱን በመጀመሪያው ዝናብ ያሳያል። ፎቅ ለዓመታት ይደብቀዋል።

ስለ ፌሮ። እዚህ ላይ ማንም ባለቤት በእጁ ሊያደርገው የሚችል አንድ ፍተሻ አለ። የፌሮ ክብደት በውፍረቱ ይታወቃል፤ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል የአንዱን ሜትር ክብደት በኪሎ ይሰጣል። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ፣ 12 ሜትር የሆነው አንድ ቤርጋ 10.7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 14ቱ 14.5፣ ባለ 16ቱ 19 ኪሎ ነው። አምስት ቤርጋ ባለ 12 ሚዛን ላይ አውጥቶ 53 ኪሎ ገደማ መምጣቱን ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። 45 ኪሎ ከመጣ የተሸጠው «12» በእውነቱ 11 ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ጎደለ ሲባል ጥቂት ይመስላል፤ ብረቱ ግን 16 በመቶ ጎድሏል። ጉድለቱ በሁሉም ላይ ቢሆን ከ35 ቶኑ ውስጥ 5.6 ቶን ብረት ሕንፃው ውስጥ የለም ማለት ነው። በፍሬ ሲገዙ ይህ አይታይም፤ በኪሎ መግዛት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ትክክለኛው ፌሮ ቢመጣ እንኳ አቀማመጡ ወሳኝ ነው። ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ስታፋ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት አካባቢ መቀራረብ አለበት፤ ፌራዮው በቀን ሥራ ሳይሆን በኪሎ ወይም በካሬ የሚከፈለው ከሆነ ማራራቅ ይቀናዋል። ከፌሮው እስከ ኮንክሪቱ ፊት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መሸፈኛ ያስፈልጋል፤ ስፔሰር ሳይገባ ሲሞላ ፌሮው ፎርሙ ላይ ተኝቶ ይቀርና ከዓመታት በኋላ የሶሌታው ሆድ ዝገት እያለቀሰ ልስኑን ይጥላል። የስታፋው መቀራረብ ይበልጥ የሚፈለገው መሬት ሲንቀጠቀጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. አፋር ውስጥ አዋሽ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ ሲቲ ዞን ደግሞ ከአፋር ጋር ይዋሰናል። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ቱርክ ውስጥ በመሬት መንቀጥቀጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሲሞት፣ ደንብ ጥሰው የተሠሩ ሕንፃዎች በ2010 ዓ.ም. በምሕረት ሕጋዊ መደረጋቸው የአገሪቱ ዋና ቁጭት ሆኖ ነበር። የእኛ ስጋት የእነሱን ያህል አይደለም። ስታፋ ግን ዋጋው ያው ነው።

ብሎኬትና ማጠናቀቂያ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ጥሩ ብሎኬት ከወገብ ከፍታ አፈር ላይ ሲወድቅ አይበታተንም፤ ማዕዘኑ በጣት አይረግፍም። በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል፤ 16 ከተቆጠረ ሦስቱ ተኩል ወይ ተሰብረዋል ወይ ተሸጠዋል። ሴራሚክ በሳንቲም መታ መታ ሲደረግ ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ሥሩ ሞርታር የለውም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመጸዳጃው ጉዳይ ነው፤ ቧንቧዎቹ መከፈቻ ባለው ሻፍት ይወርዳሉ ወይስ ግድግዳ ውስጥ ተቀብረዋል? የተቀበረ ቧንቧ ሲያፈስ የሦስት ቤት ሴራሚክ ይፈርሳል። ጣሪያው ላይ ያሉትን ሮቶዎችም ቀና ብሎ መቁጠር ይገባል። 5 ሺህ ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ሲሞላ አምስት ቶን ነው፤ ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ከተማ አራትና አምስት ሮቶ መደርደር የተለመደ ነው። ይህ ክብደት ንድፉ ላይ ነበረ?

የመንግሥት ኮንዶሚኒየም ለዚህ ሁሉ ምን አስተማረን? በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቦሌ ገርጂ ላይ በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ የአነስተኛ ወጪ ቴክኖሎጂ የተጀመረው ሙከራ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዶ ነበር፤ ድሬዳዋ ለዚህ አካባቢ ቅርብ የሆነች ማሳያ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ግምገማ 171 ሺህ ያህል ቤቶች መገንባታቸውን ሲመዘግብ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ግንባታ ገዢው አቅም ስላልነበረው መቆሙንም ጽፏል። የፕሮግራሙ ብልህነት ፕሪካስት ቢምና ብሎኬት ሶሌታው፣ የተደጋገመ ንድፉ፣ በአነስተኛ ማኅበራት የተመረተው ዕቃ ነበር። ደካማው ጎን ደግሞ ቁጥጥሩ ነው፤ የማኅበራቱ ብሎኬት ከቦታ ቦታ ተለያየ፤ አግሮስቶን የተባለው የክፍልፋይ ግድግዳ ምስማር አልይዝ፣ እርጥበት አልችል አለ፤ ነዋሪው ቁልፍ በተረከበ ማግስት ማፍረስ ጀመረ። የማፍረሱና የመልሶ ሥራው ወጪ በማንም የካሬ ዋጋ ውስጥ አልተቆጠረም። የግል ፎቅ ሠሪው የሚቀስመው ትምህርት እዚህ ጋ ነው። ርካሽ ዕቃ ብቻውን ቤቱን አላረከሰውም፤ የሚለካውና የሚመልሰው ሰው አለመኖሩ ነው።

እንዲህ ያለው ቁጥጥር ግን ሕግ ውስጥ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ሁሉ ምድብ ሐ ውስጥ አስገብቷል፤ ምድርና ከላዩ አራት ወለል ያለው ጂ ፕላስ 4ም እዚህ ይወድቃል። አዋጁ ለዚህ ምድብ የግንባታ ፈቃድ ብቻ እንዳይበቃ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዲጠየቅ ደንግጓል። በተግባር ግን ምድር ቤቱ ሱቅ ተከራይቶ፣ አንደኛው ፎቅ ሰው ገብቶበት፣ ሦስተኛው ገና ፎርም ሲታሰር ማየት የዕለት ትዕይንት ነው። መዘዙን ኬንያ አይታዋለች፤ ናይሮቢ ሁሩማ ሰፈር ሚያዝያ 21 ቀን 2008 ዓ.ም. የተደረመሰው ባለ ስድስት ፎቅ የኪራይ ቤት 50 ያህል ሰዎችን ገድሏል፤ ፈቃድ ሳይኖረው ወንዝ ዳር ተሠርቶ፣ ተከራይ ሞልቶት የነበረ ነው።

ከአዋጁ በላይ ያልተነገረለት አንቀጽ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ነው። ሥራ ተቋራጩ ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ለሥራው ደህንነትና ለጽናቱ ዋስ ነው ይላል። ችግሩ የእኛ አሠራር ራሱ ይህን ዋስትና ማፍረሱ ነው። አብዛኛው ፎቅ የሚሠራው በእጅ ዋጋ ነው፤ ባለቤቱ ዕቃ ያቀርባል፣ ፎርማኑ ሠራተኛ ያቀርባል። ሲሰነጠቅ ፎርማኑ «ሲሚንቶው ያንተ ነው» ይላል፤ ባለቤቱ «አሠራሩ ያንተ ነው» ይላል። በመሀል ቁጥጥሩ ውጭ አገር ላለው ባለገንዘብ በዋትስአፕ በሚላክ ፎቶ ይካሄዳል፤ ፎቶው ሴራሚክን እንጂ ስታፋን አያሳይም። ገንዘብ ላኪው ወንድም ሰባት ቀን የተኛ ውሃ ፎቶ ቢጠይቅ ከሴራሚኩ ምርጫ ይልቅ ይጠቅመው ነበር።

የገንዘቡ ምንጭም ጥራት ላይ እጁ አለበት። በዚህ አካባቢ ብዙው ሰው በእምነቱ ምክንያት በወለድ አይበደርም። ስለዚህ ፎቅ የሚያድገው ገንዘብ በተገኘ ቁጥር ነው፤ በየጣሪያው ለቀጣዩ ወለል የቆሙት ፌሮዎች ዓመታት እየዘነበባቸው ይዝጋሉ። ቀጣዩ ወለል ሲጨመር ዝገቱ አይቦረሽም። አንዳንዴም መሠረቱ ለሦስት ወለል ታስቦ አምስት ይወጣበታል። ዘምዘምና ሂጅራን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች መከፈታቸው፣ ከማይክሮ ፋይናንስ ተነስቶ ጅግጅጋ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው ሸበሌ ባንክ መምጣቱ መንገድ ሊከፍት ይችላል፤ በሙራባሃ ዕቃውን ባንኩ ራሱ ገዝቶ ሲሸጥ፣ የሚሸጠውን ፌሮ መዝኖ መግዛት ለባንኩም ጥቅሙ ነው። እስካሁን ግን የዕቃ ብድር ደረሰኝ ሲጠይቅ እንጂ የጥራት ወረቀት ሲጠይቅ አልተለመደም።

ስለ ሲቲ ዞን ከተሞች ለየብቻ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሽንሌና ኤረር ከጅግጅጋ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያሉ፣ ሙቀታቸው የበረታ ናቸው። በቀትር የሚሞላ ኮንክሪት ገና ሳይጠቀጠቅ ይይዛል፤ ሙሌት ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ መጠናቀቅ አለበት። በቆላው ጨዋማ ጉድጓድ ብርቅ ስላልሆነ ለመጠጥ የማይሆነውን ውሃ ለኮንክሪት ማዋል ፌሮውን ለዝገት መስጠት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል፤ እዚያ በታች ያሉ ደረቅ ወንዞች ዳር ርካሽ መሬት ማግኘት ርካሽ አይደለም። በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ ያሉት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው ጣቢያዎች ከመቶ ዓመት በኋላም ቀን ላይ ከቆርቆሮና ከብሎኬት ቤቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ድንጋዩ ዛሬም እዚያው አለ፤ ፋሽኑ ግን መስታወት ነው። ወደ ፋፈን ዞን ስንመለስ፣ ቶጎ ውጫሌ ደግሞ የድንበር ገበያ ናት። በበርበራ ወደብ የገባ ሴራሚክ፣ ቧንቧና ብረት ከድሬዳዋው አንዳንዴ ይረክሳል፤ የፋብሪካ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ግን ጥቂቱ ነው። ሚዛኑ እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ፎቅ የምታሠሩ፣ የምትገዙ፣ ወይም ወንድማችሁ እንዲያሠራ ገንዘብ የምትልኩ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አራት ወረቀት ጠይቁ፤ የአፈር ምርመራ ሪፖርት፣ በየወለሉ የተወሰደ የኮንክሪት ናሙና የ28 ቀን ውጤት፣ የፌሮ ክብደት መዝገብ፣ እና ሕንፃው ካለቀ የመጠቀሚያ ፈቃድ። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቪል መሐንዲስ ያስመርቃሉ፤ ከእነዚያ ወጣቶች አንዱን ለሙሌት ቀናት ብቻ መቅጠር ይቻላል። ሻጩ ወይም ተቋራጩ ከአራቱ ሁለቱን እንኳ ማሳየት ካልቻለ በካሬ ስንት እንደገባ አትጠይቁት።